የተራገፉ ፕሮግራሞች ቅሪትና የአማርኛ ሰነዶች ዕጣ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ብሂል፣ በመስኖ በሚታረስ አገር ከምሳሌነት አልፎ የዕለት ሥራ መመሪያ ነው። በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኘው ግራና የዚህ ዓይነት አገር ናት። የቆቦ-ግራና ሸለቆ በሚባለው አካባቢ ገበሬው ውኃ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ የኖረ ሲሆን፣ በወሎና በሌሎችም መስኖ ባለባቸው አካባቢዎች በባህላዊው ሥርዓት የውኃውን ተራ የሚደለድለው ሰው «የውኃ አባት» በመባል ይታወቃል። አንድ ያገለገለ ቦይ እንዲደፈን ሲታሰብ ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው ሊነሡ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ከዚህ ቦይ ሌላ ማን ያጠጣል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ቦዩ ተደፍኖ ከላይ ያለው መጥለፊያ ሳይዘጋ ቢቀር ውኃው ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ያልጠየቀ የጎረቤቱን ማሳ ያደርቃል፤ ሁለተኛውን ያልጠየቀ ደግሞ የገዛ ማሳውን ያጥለቀልቃል።

ከኮምፒዩተር ላይ አገልግሎቱ ያበቃ ፕሮግራም የማራገፍ ሥራም፣ ታሪኩ በሚገባ ሲመረመር፣ ከእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች የራቀ ሆኖ አይገኝም። ከፕሮግራሙ መራገፍ በኋላ በማሽኑ ውስጥ የሚቀሩት ፋይሎችና የመዝገብ ቃሎች የሚያስከትሉት ስሕተት ሁሉ፣ ወይ የጋራ የሆነውን የግል መስሎት ከማጥፋት፣ ወይም ምንጩን ሳይዘጉ ቦዩን ብቻ ከመድፈን የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከነዚህ ሌላ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ የሚወገደው ቅሪት የአንድ ዘመን ጽሑፍ መክፈቻ ቁልፍ ሆኖ ቢገኝስ? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅሪት አወጋገድን ታሪክ ከመነሻው ተከታትሎ፣ በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሙያውን ባልደረቦች አሳብ ለመሳብ ነው።

ቅሪት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ሲጫን በአንድ ቦታ ብቻ ተወስኖ አይቀመጥም። ዋናው አካሉ በራሱ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚጋራቸው ፋይሎች በሥርዓቱ ማኅደር ይገባሉ፤ የተጠቃሚው ምርጫና ማስተካከያ በሌላ ሥፍራ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ የሚያዝዘው ቃል ደግሞ በማስነሻው ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። እንግዲህ ፕሮግራሙ በተራገፈ ጊዜ ከእነዚህ አራት ሥፍራዎች በአንዱ ወይም በሌላው ሳይነሣ የሚቀረው ሁሉ ቅሪት ይባላል።

ቅሪት ሁሉ ጎጂ አይደለም። በማኅደር ውስጥ ተኝቶ የቀረ ፋይል ቦታ ከመያዝ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ጎጂው ቅሪት፣ የሌለን ነገር የሚጠራ ቃል ወይም ተተኪው በሚሠራበት ሥራ ጣልቃ የሚገባ ፋይል ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ ባለመታወቁ፣ ምንም ጉዳት የሌለውን ለማጽዳት ሲባል የሚሠራው ማሽን እንዲበላሽ የተደረገበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከዶስ እስከ ዊንዶውስ

የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ሲቀርብ ፕሮግራም ማራገፍ የሚባል የተለየ ሥራ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በዶስ ሥርዓት ፕሮግራሙ በአብዛኛው በአንድ ማኅደር ተሰብስቦ ስለሚቀመጥ፣ ማኅደሩን መደምሰስ ፕሮግራሙን መደምሰስ ነበር። ዶስ አንድን ፋይል ሲደመስስም ይዘቱን ከዲስኩ ላይ አያጠፋውም ነበር፤ በዝርዝሩ ውስጥ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በአንድ ምልክት፣ በአሥር ቤት አቈጣጠር በ229 ቍጥር ተክቶ ቦታው ለሌላ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዶስ 5.0 የተደመሰሰ ፋይልን የሚመልስ ትእዛዝ ሊይዝ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ጥንቃቄ የተደመሰሰ ነገር ቦታው በሌላ እስኪሸፈን ድረስ ተመላሽ ነበር።

ሆኖም የቅሪት ችግር ዘሩ በዚያን ጊዜም አልጠፋም። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያነባቸው ሁለት የትእዛዝ ፋይሎች ነበሩ። በእነዚህ ላይ የተጻፈ የፕሮግራም ጥሪ ፕሮግራሙ ከተደመሰሰ በኋላ ሳይሰረዝ ሲቀር፣ ማሽኑ በተነሣ ቍጥር ትእዛዙ የተሳሳተ ወይም ፋይሉ የሌለ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ያወጣ ነበር። ቦዩ ተደፍኖ መጥለፊያው ሳይዘጋ ቀረ ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ነገሩን አወሳሰበው። ፕሮግራሞች ማስተካከያቸውን በዊንዶውስ የጋራ የጽሑፍ ፋይሎች ላይ እየጨመሩ መጻፍ ጀመሩ፤ ዲ.ኤል.ኤል. የሚባሉትን የጋራ ፋይሎችም በአንድ ማኅደር ውስጥ ማከማቸት ልማድ ሆነ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፕሮግራም ያመጣው አሮጌ ቅጂ የሌላውን አዲስ ቅጂ መሸፈን፣ አንዱ ሲነሣም የሌላውን ይዞ መውጣት የተለመደ በሽታ ሆነ። የሙያው ሰዎች ይህን ችግር «የዲ.ኤል.ኤል. ሲኦል» ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል።

በነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 95 ሁለት መድኃኒት ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ማስተካከያዎችን ሁሉ ሬጅስትሪ በተባለ ማዕከላዊ መዝገብ ውስጥ መሰብሰብ ነበር። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ማራገፊያቸውን በአንድ ዝርዝር እንዲያስመዘግቡ ማድረግ ነበር። ለጋራ ፋይሎችም ቈጠራ ተጀመረ፤ ማለትም አንድ ፋይል በስንት ፕሮግራሞች እንደሚፈለግ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ሲራገፍ ቍጥሩ በአንድ ይቀነሳል፤ ቍጥሩ ዜሮ ሲደርስ ፋይሉ ይነሣል። ይህ የውኃ አባትን ጥያቄ ወደ ሒሳብ መለወጥ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ትክክል የሚሆነው ሁሉም በትክክል ሲያስመዘግብ ብቻ ነው። ሳያስመዘግብ የሚጠቀም ፕሮግራም ሲኖር ቍጥሩ ዜሮ ቢደርስም ፋይሉ ገና ተፈላጊ ነው። ስለዚህም ማራገፊያው «ይህን የጋራ ፋይል ማንም የሚጠቀምበት አይመስልም፤ ይወገድ?» እያለ መልሱን ለማያውቀው ተጠቃሚ ጥያቄውን ያቀርብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋር የመጣው የዊንዶውስ መጫኛ አገልግሎት እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ምን እንደ ጫነ በዝርዝር እንዲመዘገብ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዊንዶውስ 2000 ደግሞ ዋና ዋናዎቹን የሥርዓት ፋይሎች ከመሸፈን የሚከላከል ጠባቂ ይዞ ቀረበ። ይሁንና መዝገቡ ራሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ አይራገፍም፣ ደግሞም አይጫንም። ማይክሮሶፍት ለዚህ ያዘጋጀው የመዝገብ ማጽጃ መሣሪያ የሌሎች ፕሮግራሞችን መዝገብ ጭምር የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሥርዓቱን የሠራው ድርጅት እንኳ በጅምላ የሚያጸዳ መሣሪያን በደኅና ሊያቀርብ ካልቻለ፣ «ሬጅስትሪን በአንድ ጠቅታ እናጸዳለን» በሚሉ ነጻ ፕሮግራሞች ላይ መተማመን የባለሙያ ሥራ አይደለም።

በሌላው ጎራ፣ የሊኑክስ ሥርዓት ተከታዮች ነገሩን ከመነሻው በሌላ መልክ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረተው የዴቢያን ሥርዓት ፕሮግራምን ማስወገድ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ፕሮግራሙን አንሥቶ ማስተካከያውን የሚተው ነው፤ ሁለተኛው ማስተካከያውንም ጨምሮ የሚያጠራ ነው። ይህ አከፋፈል ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ቅሪት ሁሉ የመርሳት ውጤት ሳይሆን አንዳንዱ ሆን ተብሎ የሚቀመጥ አደራ መሆኑን ያስገነዝባልና።

የግዕዝ ፊደልና የስምንት ቢት ጥበት

ከዚህ በላይ የተነገረው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚለየው በፊደሉ ምክንያት ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ በጊዜያቸው የገጠማቸው ችግር፣ ብዙውን ፊደል በጥቂት መምቻ ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል? የሚል ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲመጣም ይኸው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ ተመለሰ። በስምንት ቢት አሠራር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቍጥር ከ256 አይበልጥም፤ ከዚህም ውስጥ ከፊሉ ለመቈጣጠሪያ ትእዛዞች የተያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ከነቍጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ፣ በኋላ በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ መደብ እንደ ተመዘገበው፣ 345 ነው። ስለዚህ አልገባም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ችግሩን ለመፍታት በውጭ አገርም በአገር ውስጥም ብርቱ ጥረት ተጀመረ። በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት ቀደምት ሠራተኞች መካከል ዳሸን የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ያወጡት ፍሥሓ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ከዚያም ወዲህ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ሌሎችም ተከታትለው በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ገቡ። የኢትዮጵያ ጋዜጣ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ፈተና ለብዙ ዓመታት በእነዚህ ፕሮግራሞች ተጽፏል። የሠሪዎቻቸው ውለታ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥበቱን ለማለፍ እያንዳንዱ የራሱን መላ ዘየደ። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፍሎ አስቀመጠ፤ አንዳንዱ ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ ቈራርጦ በማገጣጠም ሠራ። በሁሉም ዘንድ ግን የጋራ የሆነ አንድ ነገር ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ በማያው ላይ ግዕዝ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በላቲኑ ላይ የግዕዝ ልብስ ስላለበሰው ነው። ፎንቱ ሲነሣ ልብሱ ይወልቃል፤ ከሥሩም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይወጣል። አንዱ ፕሮግራም «ለ» ለማለት የሰጠው ቍጥር በሌላው ዘንድ ሌላ ፊደል ስለሆነ፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ፎንት አይነበብም።

ይህ መለያየት በመርሕ ደረጃ ያበቃው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን መደብ በሰጠው ጊዜ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በዓለም ላይ ባለ ኮምፒዩተር ሁሉ በአሥር ቤት አቈጣጠር 4608 ቍጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው እትም 4.1 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሌንና ለመኤን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላትን ጨመረ። በተግባር ግን ለውጡ ወደ ተራው ተጠቃሚ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ከነፎንቱና ከነመጻፊያ ሰሌዳው አማርኛን ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ነው። እንግዲህ ከመርሑ እስከ ተግባሩ ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ልማዱ እስኪለወጥ ድረስ፣ በአሮጌው መንገድ የተጻፈው ሰነድ መጠን ቀላል አልነበረም።

የሁለት ዘመን ግጭት

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የወረዳ ኔት ፕሮጀክት ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር ማገናኘት ሲጀምር፣ ኮምፒዩተር ከክልልና ከዞን ከተሞች ወርዶ የወረዳ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሆነ። ከግራና ገበሬ ጉዳይ ጋር የሚገናኘውም በዚህ ደረጃ ነው። የግራና ሰው የመሬት ይዞታ፣ የግብር፣ የፍርድና የትምህርት ጉዳይ የሚጻፈው በወረዳው ዋና ከተማ በመርሳ ነው፤ ከዚያ ካለፈም በዞኑ ከተማ በወልድያ ነው። በየትኛውም ወረዳ ሊደርስ የሚችለውን ነገር በምሳሌ ማየት ይጠቅማል።

አንድ የጽሕፈት ክፍል ኮምፒዩተር አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ አለው እንበል። አዲስ በዩኒኮድ የሚሠራ መጻፊያ ይጫንበታል፤ አሮጌው ግን አልተራገፈም። ሁለቱም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ፤ ሁለቱም ጸሐፊዋ የምትመታውን ቍልፍ ከፊደል ሰሌዳው ላይ ለመቀበል ይሻማሉ። ውጤቱ፣ አንድ ጊዜ ተመትቶ ሁለት ፊደል መውጣት፣ ወይም «መ» ተፈልጎ ሌላ መገኘት ነው። ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው አሮጌውን ለማራገፍ ቢሞክር ማራገፊያው አይሠራም፤ ምናልባት የተሠራው ለ16 ቢት ዊንዶውስ ነውና በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከቶ አይነሣም። ስለዚህ ማኅደሩን በእጁ ይደመስሳል። ኮምፒዩተሩ ዳግም ሲነሣ ደግሞ «የተጠራው ፋይል አልተገኘም» የሚል መልእክት ይወጣል፤ የማስነሻው ቃል አልተነሣምና። ባለሙያው እሱንም ያነሣል። በመጨረሻም የአሮጌውን ፎንቶች ጠቅልሎ ይደመስሳል። ማሽኑ ጸዳ፤ ባለሙያው ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ባለጉዳይ ከዓመታት በፊት የተጻፈ የውሳኔ ግልባጭ ፈልጎ ይመጣል። ፋይሉ በቦታው አለ፤ ቀኑም መጠኑም ትክክል ነው። ሲከፈት ግን የሚታየው የላቲን ምልክት ድርድር ነው። ጸሐፊዋ ፋይሉ በቫይረስ ተበላሽቷል ትላለች፤ ኃላፊውም ይህንኑ ተቀብሎ ባለጉዳዩን ያሰናብታል። በእውነቱ ግን ከፋይሉ አንድ ፊደል እንኳ አልጠፋም። የጠፋው ማንበቢያው ነው፤ ያጠፋውም ጽዳቱ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት መልኮችን ለይቶ ማወቅ ለሙያው ሰው ግዴታ ነው። በማያው ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከታየ፣ ጽሑፉ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ነውና ፎንቱ ሲመለስ ይነበባል። ባዶ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ከታዩ፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ብቻ ነው። ተደጋጋሚ የጥያቄ ምልክት ከታየ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ጽሑፉ ዩኒኮድን በማይቀበል የመረጃ ቋት ወይም ፋይል ውስጥ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ከተቀመጠ የቀድሞው ፊደል ከዚያ ፋይል ላይ ተመልሶ አይገኝም፤ ተስፋው ሌላ ቅጂ መኖሩ ብቻ ነው።

በፍላሽ የመጣ ቅሪት

በ2000ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶችን ኮምፒዩተር ያስቸገረው ሌላው ምክንያት ከፍላሽ ዲስክ ጋር የተዛመተው ቫይረስ ነበር። ኢንተርኔት ባልተዳረሰበት ቦታ ፋይል የሚጓዘው በሰው ኪስ ነበርና ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የመነሣትን አሠራር በዊንዶውስ ኤክስፒና በቪስታ ላይ የዘጋው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው።

ይህ ቫይረስ ከተገደለ በኋላም ሁለት ዓይነት ቅሪት ይተዋል። የመጀመሪያው፣ የቫይረሱን ፋይል የሚጠራው የማስነሻ ቃል ነው። ጸረ ቫይረሱ ፋይሉን ደምስሶ ቃሉን ሲተው፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር የጽሑፍ ፋይሉ አልተገኘም የሚል መስኮት ይከፈታል። ተጠቃሚውም ኮምፒዩተሩ ገና ታማሚ መስሎት ሙሉ በሙሉ እንዲጠረግ ይጠይቃል፤ በዚያም ጥረጋ ሰነዱ ሁሉ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ቫይረሱ በተጠቃሚው ማኅደሮች ላይ የለጠፈው «ስውር» እና «የሥርዓት» የሚል ምልክት ነው። ቫይረሱ ሲወገድ ምልክቱ አብሮ አይነሣም፤ ማኅደሮቹም አይታዩም። ሰነዱ ጠፋ ተብሎ ፍላሹ እንደ ገና ይሰናዳል። እውነቱ ግን ምልክቱን በአንድ ትእዛዝ ማንሣት ብቻ ይበቃ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ከበሽታው ይልቅ ሕክምናው የበለጠ ጎድቷል።

ስሕተቱን የመፈለጊያ ሥርዓት

የቅሪት ስሕተት ብዙ መልክ ቢኖረውም ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው ቍጥር መንገዱን ያመለክታል። ቍጥር 2 ፋይሉ አልተገኘም፣ ቍጥር 3 መንገዱ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሌለን ነገር የሚጠራ ቃል መቅረቱን ያሳያሉ። ቍጥር 5 ፈቃድ ተከልክሏል ማለት ነው፤ መፍትሔው በአስተዳዳሪ ስም መግባት ወይም የፋይሉን ባለቤትነት መመርመር ነው። ቍጥር 32 ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው፤ ፎንትን በመሰረዝ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ የያዘውን ፕሮግራም መዝጋት፣ ካልሆነም ኮምፒዩተሩን በደኅንነት ሁነታ ማስነሣት ያስፈልጋል። ቍጥር 145 ማኅደሩ ባዶ አይደለም ማለት ሲሆን፣ ስውር ፋይል መኖሩን ያመለክታል። የመጫኛ አገልግሎቱ 1605 ካለ ፕሮግራሙ በመዝገቡ የለም፤ 1612 ካለ ደግሞ ለማራገፍ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው የመጫኛ ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው፣ ያንኑ እትም እንደ ገና ጭኖ በሥርዓቱ ማራገፍ ነው። ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ፣ የፈረሰውን ቦይ ጠግኖ ከምንጩ ከመዝጋት የተለየ አይደለም።

የሥራውም ቅደም ተከተል ከስሕተቱ ዓይነት ያላነሰ ዋጋ አለው። አስቀድሞ የሰነዶችና የሬጅስትሪ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በራሱ ማራገፊያ ይሞከራል፤ ጸረ ቫይረስ ከሆነም ሠሪው ለዚሁ ያዘጋጀው የማራገፊያ መሣሪያ ካለ ይፈለጋል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ዳግም ይነሣል፤ በሥራ ላይ የነበሩ ፋይሎች የሚደመሰሱት በዚህ ጊዜ ነውና ይህን ሳይጠብቁ ወደ እጅ ሥራ መግባት ስሕተት ነው። ቅሪት ከታየ በመጀመሪያ የማስነሻው ቃል ይነሣል፤ ፋይሉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ሲስኢንተርናልስ ያዘጋጀው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በማይክሮሶፍት ከተገዛ በኋላም የቀጠለው አውቶራንስ የተባለ መሣሪያ፣ ሲነሣ የሚጠራውን ሁሉ በዝርዝር ስለሚያሳይና መሰረዝ ሳያስፈልግ ለጊዜው ማገድን ስለሚፈቅድ እጅግ ጠቃሚ ነው። በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ይፈተናል፤ አሥር ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም የትኛው እንደ ገደለው አያውቅም።

ከማስወገድ በፊት መመለስ

የአሮጌ የአማርኛ መጻፊያን ቅሪት በተመለከተ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። ፎንቱ ከመነሣቱ በፊት በእሱ የተጻፈው ሰነድ ተለይቶ ወደ ዩኒኮድ መመለስ አለበት። ይህ ሥራ የመልእክቱን ትርጉም ሳይሆን የፊደሉን ቍጥር የሚለውጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ አሮጌ ቍጥር ትክክለኛውን የዩኒኮድ ቍጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ ይጠይቃል።

ሥራው ቀላል የሚመስለውን ያህል አይደለም። በአንድ ሰነድ ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቀው ይገኛሉ። ሁለቱም ከሥር ላቲን ስለሆኑ፣ የትኛው መለወጥ የትኛው መተው እንዳለበት የሚያሳየው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። የፎንቱ ስም በሌለበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ይህ ምልክት ስለሚጠፋ ሰው ራሱ አንብቦ መለየት ይኖርበታል። ከግንድና ከቅጥያ የተገጣጠሙ ፊደላትም ሁለት ቍጥር ተደምሮ አንድ የሚሆንበትን ሕግ ይፈልጋሉ። በተለይ ቍጥሮችን፣ ስሞችንና ቀኖችን ከታተመው ወረቀት ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በይዞታ ደብተር ላይ የአንድ አኃዝ መሳሳት የአንድ ቤተሰብ ማሳ መሳሳት ነው።

ከተመለሰም በኋላ ሌላ ጥንቃቄ ይጠብቃል። በዩኒኮድ «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒዩተር ሦስት ናቸው። ወረዳው በአንዱ ሰነድ «ሐብሩ»፣ በሌላው «ሀብሩ» ተብሎ ከተጻፈ፣ በአንደኛው አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን መዝገብ አያገኝም። ስለዚህ የመፈለጊያ ሥርዓቱ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቈጥር መደረግ ይኖርበታል፤ የሰነዱ አጻጻፍ ግን እንደ ነበረ ሊጠበቅ ይገባል።

ሰነዱ ተመልሶ ከተመሳከረም በኋላ የመጀመሪያው ፋይል፣ አሮጌው ፎንትና የመጫኛው ዲስክ በአንድነት ተጠቅልለው በቤተ መዛግብት ቢቀመጡ መልካም ነው። ከሚሠራው ማሽን ላይ ይነሡ፤ ከዓለም ላይ ግን አይጥፉ። ዴቢያን በማስወገድና በማጥራት መካከል ያስቀመጠው ልዩነት እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል።

ይህ ጥንቃቄ ለሰሜን ወሎ ተራ ምክር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ አካባቢው በዘለቀ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋሞች ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳርገዋል። ማሽን ሲጠፋ የሚተርፈው በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው፤ ያ ቅጂ ማንም ባልያዘው ፎንት የተጻፈ ሆኖ ሲገኝ ግን ተርፎም እንዳልተረፈ ነው። ማሽንን በገንዘብ መተካት ይቻላል። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ የድንበር ክርክር የተሰጠን ምስክርነት ግን ምስክሮቹ ካለፉ በኋላ የሚተካው የለም።

እንግዲህ የኮምፒዩተር ባለሙያ የተራገፈ ፕሮግራም ቅሪት ፊት ሲቆም፣ በቦይ አፍ ላይ እንደ ቆመ የውኃ አባት ነው። ከዚህ ሌላ ማን ያጠጣል? ምንጩስ ተዘግቷል? ብሎ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ፣ በዚህ የተጻፈ ምን አለ? ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል። የሦስቱን መልስ ሳያገኝ የደመሰሰ ሰው ማሽኑን ያጸዳ ይሆናል፤ ማስረጃ ፍለጋ ከግራና ተነሥቶ መርሳ የደረሰው ገበሬ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።